ወገቤን ላለ ሰው ምን ይጠየቃል?

የወገብና የአንገት ሕመም በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ፦ ዳሰሳ

ከፋርጣ፣ ከእስቴ ወይም ከጋይንት ገበያ ከወጣ ገበሬ ጋር ሰላምታ የተለዋወጠ ሰው፣ ወገብ ሳይነሣ ሰላምታው እንደማያልቅ ያውቃል። «ወገቤን ይዞኝ ከረመ»፣ «ጎኔን ይወጋኛል»፣ «ማጅራቴ አልዞር አለኝ»። ሕመሙ ይህን ያህል የተለመደ መሆኑ ሁለት ነገር አስከትሏል። አንዱ መናቅ ነው፤ የድካም ዕጣ ነው ተብሎ ይታለፋል። ሌላው ቶሎ ስም ማውጣት ነው። ሰውየው ተናግሮ ሳይጨርስ ጎረቤቱ «ኩላሊት ነው» ይለዋል፤ አማቱ «ብርድ ነው» ትለዋለች፤ ከተማ የሚኖር ወንድሙ «ዲስክ ይሆናል» ይለዋል። ከዚያ በኋላ ሕክምናው ስሙን ተከትሎ ይሄዳል። ኩላሊት የተባለ ሽንቱን ያስመረምራል። ብርድ የተባለ በቅቤ ይታሻል፣ ዋግምት ያስደርጋል። ዲስክ የተባለ በሬውን ሸጦ ኤም አር አይ ለመነሣት ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ይወርዳል።

በአካባቢያችን ሁለት ጥፋቶች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ከባድ በሽታ የሌለበት ብዙ ሰው ያለ አግባብ ይመረመራል፣ በመርፌ ይወጋል፣ ይፈራል። በእርግጥ አደገኛ በሽታ ያለበት ጥቂት ሰው ደግሞ ከብዙኃኑ ጋር ተቀላቅሎ «ወገብ ነው፣ ይተውሃል» ተብሎ ይሸኛል። ሁለቱንም ጥፋት የሚያስቀረው አንድ ነገር እንደሆነ አምናለሁ፤ በቅጡ መጠየቅና በቅጡ መዳሰስ። ይህ ደግሞ ማንኛውም ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ መብራት በጠፋበት ቀን እንኳ፣ ሊደረግ የሚችል ነገር ነው።

የዓለም የበሽታ ጫና ጥናት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2020 የወገብ ሕመም የነበረበት ሰው 619 ሚሊዮን፣ የአንገት ሕመም የነበረበት ደግሞ 203 ሚሊዮን ነበር። ሰውን ከሥራና ከኑሮ በማስተጓጎል የወገብን ሕመም የሚቀድመው በሽታ የለም። ወገቡን ከታመመ መቶ ሰው ግን የ90ው ያህሉ ሕመም ከአንድ የታወቀ በሽታ ጋር በእርግጠኝነት ሊያያዝ አይችልም። ጡንቻው፣ ጅማቱ፣ የአከርካሪው መጋጠሚያዎች፣ ዲስኩ ሁሉም ሊኖሩበት ይችላሉ፤ የትኛው ዋነኛ እንደሆነ ምርመራ አይነጥለውም። እንዲህ ያለው ሕመም እጅግ ሊበረታ፣ ሰውን ከአልጋ ሊያስቀር ይችላል፤ ግን አያሽመደምድም፣ አይገድልም፤ አብዛኛውም በስድስት ሳምንት ውስጥ በጣም ይሻለዋል። ከቀሩት ውስጥ የሚበዙት ነርቭ የተነካባቸው ናቸው። መጨረሻ ላይ የሚቀሩት ጥቂቶች ስብራት፣ ኢንፌክሽን፣ ካንሰር ወይም የሕብለ ሰረሰር መጨቆን ያለባቸው ናቸው።

እነዚህ ጥቂቶች ምን ያህል ጥቂት ናቸው? አውስትራሊያ ውስጥ ድንገተኛ የወገብ ሕመም ይዟቸው ሐኪም ቤት የሄዱ 1172 ሰዎችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ ከባድ በሽታ ያገኘው በ11ዱ ብቻ ነው፤ ከነዚያም 8ቱ የአጥንት ስብራት ነበሩ። ይህ ቁጥር በሕክምና መማሪያዎች ደጋግሞ ይጠቀሳል። ነገር ግን ቁጥሩ የተገኘው አከርካሪንም የሚያጠቃው ነቀርሳ ብርቅ በሆነበት አገር ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የነቀርሳ ጫና አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ «አደገኛው ከመቶ አንድ ነው» የሚለውን ማጽናኛ እንዳለ ገልብጦ ወደ እኛው ጉና ተራራ ሥር ማምጣት አይቻልም።

ሸክሙና ጎንበሱ

የወገብ ሕመም እዚህ ለምን እንዲህ በዛ ለሚለው መልሱ ከሥራው ይጀምራል። የፎገራን ሜዳ ያየ ሰው ይገባዋል። ከወረታ ወዲህና ወዲያ ያለው የሩዝ ማሳ በክረምቱ ውሃ ይተኛበታል። አረሙ በእጅ ይነቀላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን እየተመላለሱ ነው። አራሚዋ እግሯ ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ፣ ጉልበቷ በትንሹ ታጥፎ፣ ከወገቧ ሙሉ በሙሉ ጎንበስ ብላ ነው የምትውለው። ጎንበስ ብሎ መቆየት የጀርባ ጡንቻዎችን ያዝላል፤ ጡንቻው ሲዝል ክብደቱን ጅማቶችና ዲስኮች ይሸከሙታል። ከሰዓታት በኋላ ቀና ለማለት የሚደረገው ሙከራ ነው «ቆርጦ የሚያስቀረው»። ታማሚዎች ራሳቸው ሲናገሩ ብትሰሙ፣ ብዙዎቹ የያዛቸው ጎንበስ እንዳሉ ሳይሆን ሲቃኑ እንደሆነ ይነግሯችኋል። ማጨዱም ያው በማጭድ፣ ያው ጎንበስ ብሎ ነው።

ደጋው ላይ ሥራው መልኩን ይለውጣል። አራሹ እርፉን በአንድ እጁ ወደ ታች ይጫናል፣ በሌላው ጅራፉን ይይዛል፤ ተዳፋት መሬት ላይ አንድ እግሩ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ፣ ገላው ወደ አንድ ወገን እንደተጠመዘዘ ይውላል። ማታ ሞፈርና ቀንበሩን በአንድ ትከሻው ተሸክሞ ይገባል። የድንች ማሳው በዶማ ይቆፈራል። ሴቷ ከምንጭ የምታመጣው ጀሪካን 20 ሊትር ነው፤ ማለትም 20 ኪሎ በገመድ ታስሮ፣ ገመዱ ደረቷን አጥብቆ፣ ዳገት ይወጣል። ነፍሰ ጡር ሆና ትሸከማለች፤ ከወለደች ከሳምንታት በኋላም ትሸከማለች። ወደ ቤት ስትገባ ምጣዱ መሬት ላይ፣ ሦስት ጉልቻ ላይ ነው ያለው። ሲሶውን ቀን ጎንበስ ብላ የዋለች ሴት ማታ እንጀራ ለመጋገር እንደገና ጎንበስ ትላለች።

የከተማው ሸክም ደግሞ ኩንታል ነው። ወረታ ሩዝ መፈተጊያዎች ዘንድ፣ ደብረ ታቦር እህል በረንዳ ዘንድ የሚሠሩ ጫኝና አውራጆች 100 ኪሎውን በጀርባቸው ይዘው ሳንቃ ላይ ይወጣሉ። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ ጎልማሳ ወንድ በጉልበቱ ሊሸከም የሚገባው ከ55 ኪሎ መብለጥ የለበትም ብሏል። የእኛ ልጆች ወደ እጥፉ የሚጠጋ ይሸከማሉ።

ይህን ሁሉ ስል ግን አንድ ነገር መታረም አለበት። ሥራ ሁሉ ወገብ ይጎዳል ማለት አይደለም፤ አከርካሪ ለመንቀሳቀስና ለመሸከም የተሠራ አካል ነው። የሚጎዳው ያልተለመደ ክብደት በድንገት፣ ጎንበስ ብሎ ያለ እረፍት መቆየት፣ ተጠምዝዞ ማንሣትና በቂ እንቅልፍ ማጣት ሲገናኙ ነው። ሐሳብም አለበት። ሰው ልጁን፣ ማሳውን ወይም ሰላሙን ሲያጣ ጡንቻው አብሮ ይታሰራል፤ ሕመሙም ከሦስት ወር ወዲያ እንዲዘልቅ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ፍርሃትና ተስፋ መቁረጥ እንደሆነ በብዙ አገር ጥናት ተረጋግጧል። «ከሐሳብ ነው» ተብሎ የሚሸኝ ታማሚ ግን ተሰድቦ እንደሄደ ይሰማዋል። ሐሳቡን መጠየቅ ሕመሙን መካድ አይደለም።

አልጋው ጫፍ ላይ

አንዲት እናት ጤና ጣቢያ ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል እንበል። ጤና መኮንኑ ወጣት ነው።

«እናቴ፣ የቱ ጋ ነው? በአንድ ጣትዎ ያሳዩኝ።»

«ይኸውልህ ልጄ፣ ይሄ ሁሉ» ብለው መዳፋቸውን ከወገባቸው ግራ ወደ ቀኝ ካስኬዱ፣ አንድ ነገር ተነግሯል፤ ሰፋ ብሎ የሚያም፣ ከጡንቻና ከመጋጠሚያ የሚመጣ ሊሆን ይችላል። በአንድ ጣት አንዱን አጥንት ነክተው «እዚህ ላይ» ካሉ ሌላ ነገር ተነግሯል። ጣታቸው ከዳሌ ተነሥቶ በጭኑ ጀርባ፣ በባት በኩል እስከ እግር ጣት ከወረደ ደግሞ ሌላ።

«እግርዎ ድረስ ይወርዳል? ወዴት ነው የሚበረታው፣ ወገብዎ ላይ ወይስ እግርዎ ላይ?» «ሌሊት ሲተኙ ይተውዎታል ወይስ ይብስዎታል?» «ጠዋት ሲነሡ ተሳስረው ነው የሚነሡት? ስንት ሰዓት ድረስ?» «ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ መክሳት አለ?» «ወድቀው ነበር?» «ሽንትዎ እንደ ወትሮው ይወርዳል?»

ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እያንዳንዱ ጥያቄ የሚዘጋውና የሚከፍተው በር አለ። ተኝቶ የሚሻለው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሥራ ሕመም ነው። ተኝቶም የማይተው፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ኢንፌክሽንን ወይም ካንሰርን ያስጠረጥራል። ዕድሜው ከ40 በታች የሆነ፣ ወገቡ ከጀመረው ወራት ያለፈው፣ ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ ተሳስሮ የሚቆይና ሲንቀሳቀስ የሚፈታለት ወጣት በመጋጠሚያዎች ብግነት የሚመጣ በሽታ ሊኖርበት ይችላል፤ እንዲህ ያለው ሰው «ዕረፍት አድርግ» ሲባል ይብስበታል። ቆሞ ሲሄድ እግሩ የሚዝል፣ ቁጭ ሲል ወይም ምርኩዙ ላይ ጎንበስ ሲል ወዲያው የሚሻለው ሽማግሌ ደግሞ የአከርካሪው ቦይ ጠቦ ነርቮቹ ተጨንቀው ሊሆን ይችላል።

ኩላሊትም እዚሁ ላይ ይለያል። የኩላሊት ሕመም ከታችኛው ጎድን በታች፣ በአንድ ጎን ይበዛል፤ ጎንበስ ቢሉም ቢቃኑም አይለወጥም። ጠጠር ከሆነ እየመጣ የሚሄድ፣ ወደ ንፍፊት የሚወርድ፣ ሰውን መቀመጥም መተኛትም የሚከለክል ነው። ኢንፌክሽን ከሆነ ብርድ ብርድ ማለት፣ ትኩሳትና ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ይከተሉታል። ሲያጎነብስ ብቻ የሚያመው ሰው ኩላሊቱ ሳይሆን ወገቡ ነው የታመመው። በአገራችን በኩላሊት ስም የሚጠጣው መድኃኒት ብዛት ያሳስበኛል።

ቀጥሎ እጅ ይገባል። ልብስ ገለጥ ተደርጎ ጀርባ መታየት አለበት፤ በነጠላና በጋቢ ላይ የሚደረግ ምርመራ ምርመራ አይደለም። አጥንቶቹን አንድ በአንድ ከማጅራት እስከ መቀመጫ በጣት መጫን፣ ከዚያ በቡጢ ቀስ ብሎ መምታት። በጀርባ አስተኝቶ ጉልበቱ ሳይታጠፍ እግርን ማንሣት፤ ከ30 እስከ 70 ዲግሪ ባለው መካከል ሕመሙ ከጉልበት በታች ከነዘረ ነርቭ ተነክቷል። ከዚያ ታማሚው በተረከዙ ይሂድ፣ ቀጥሎ በእግሩ ጣቶች ይሂድ። በተረከዝ መሄድ ያቃተው፣ የእግሩን አውራ ጣት ወደ ላይ መሳብ የተሳነው አምስተኛው የወገብ ነርቭ ተጎድቶበት ይሆናል፤ በጣቶቹ መቆም ያቃተው ደግሞ ከሱ በታች ያለው። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ሁለት ሜትር ወለል ነው።

ወደ እግር የሚወርደው ሕመም የሚያስፈራ ቢሆንም አብዛኛው በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከቦታው ወጥቶ ነርቩን የነካው ዲስክ ራሱ ብዙ ጊዜ ይኮማተራል። ቀን የማይሰጠው ሌላው ነው፤ ሽንት ያለመውረድ ወይም ሳይታወቅ ማምለጥ፣ ኮርቻ የሚነካው የገላ ክፍል መደንዘዝ፣ ሁለቱም እግሮች አንድ ላይ መዛል። ይህ ምልክት ያለበት ሰው ነገ ሳይሆን ዛሬ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል መሄድ አለበት፤ ሰዓታት ባለፉ ቁጥር ነርቮቹ የመመለስ ዕድላቸው ይጠባል። ታማሚ ይህን በገዛ ራሱ አይናገርም፤ ያፍራል። ጠያቂው ነው መጀመር ያለበት።

አንገት

ስለ አንገት የሚጻፈው ከወገቡ ያንሳል፤ በእኛ አካባቢም የሚጠየቅበት ሰው ጥቂት ነው። ልብስ ሰፊው፣ ሸማኔው፣ ሹሩባ ሠሪዋ፣ መምህሩ ሁሉም ማጅራታቸው ይደነድናል። ጋይንት ውስጥ የድጓ ምስክር በሆነችው በቤተልሔም ወይም የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር በሆነችው በዙር አምባ ዓመታት የሚቆየው ተማሪም አለ፤ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ይውላል። ስለ ስልክ የሚነገረውን ብዙ ሰው ሰምቷል፤ አንገት 60 ዲግሪ ሲደፋ 27 ኪሎ ገደማ ይሸከማል የሚለው ቁጥር በስሌት የተገኘ እንጂ በሕያው ሰው አንገት ላይ የተለካ አይደለም። ስልክ መጠቀም ብቻውን አንገት ያሳምማል የሚለው ማስረጃም ጠንካራ አይደለም። በማንኛውም ሥራ ላይ አንገትን ሳያንቀሳቅሱ ረጅም ሰዓት መቆየት ግን በእርግጥ ያሳምማል፤ ስልኩም መጽሐፉም እኩል ናቸው።

ሌሊት «ይዞት ያደረ» አንገት፣ በአንድ በኩል አልዞር ያለ፣ በቀናት ውስጥ ይለቃል። ከአንገት ወደ ክንድ ወርዶ አውራ ጣትን፣ መሐል ጣትን ወይም ትንሿን ጣት የሚያደነዝዝ ሕመም የነርቭ ነው፤ የትኛው ጣት እንደሆነ መጠየቅ የትኛው ነርቭ እንደተነካ ይነግራል። ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ብዙም የማያም በሽታ ነው። ሕብለ ሰረሰሩ አንገት ላይ ሲጨቆን ሰውየው «አንገቴን» ላይል ይችላል። ቁልፉን መቆለፍ ያቅተዋል፤ እንዝርት የምታሾር ሴት ክሩ ከጣቷ ያመልጣታል፤ እግሩ ጠጥሮ ይደናቀፋል። እነዚህን ለእርጅና መስጠት ቀላል ነው። በጊዜ የደረሰ ሰው ባለበት ሊያዝ ይችላል፤ የዘገየ ግን የጠፋውን አይመልስም።

አንገት ላይ አንድ ነገር ለብቻው መነሣት አለበት። ኢትዮጵያ ከሴኔጋል ተነሥቶ በአፍሪካ ወገብ በሚያልፈው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ናት። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 በአገሪቱ በተሰጠው ክትባት ምክንያት «ኤ» የተባለው የባክቴሪያ ዓይነት ቢዳከምም ሌሎቹ አሉ። ድንገተኛ ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ ማስመለስና አገጭን ከደረት ጋር ማገናኘት አለመቻል አንድ ላይ ከመጡ አንገትን አያሹትም፤ ሰውየውን ይዘው ይሮጣሉ። ከባድ የደረት ሕመም ወደ አንገትና ወደ መንጋጋ ሲወጣም እንዲሁ ነው፤ ምንጩ ልብ ሊሆን ይችላልና።

ጥቂቶቹ

ወደ አከርካሪ ነቀርሳ እንመለስ። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት እ.ኤ.አ. በ1779 ስለዚህ በሽታ ጽፎ ስሙ ቀረለት፤ በሽታው ግን ከግብፅ አስክሬኖች ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው። ባክቴሪያው ከሳንባ ተነሥቶ በደም ወደ አከርካሪ አጥንት ይሄዳል፤ የሁለት ተጎራባች አጥንቶችን ጠርዝና በመሐላቸው ያለውን ዲስክ ይበላል። የሚመርጠው የደረቱን የታችኛ ክፍልና የወገቡን መጀመሪያ ነው። ቀስ ብሎ፣ በወራት ይሄዳል። ታማሚው ብዙ ጊዜ አይስልም፤ ስለዚህ አክታው ንጹሕ ተብሎ ይመለሳል። አጥንቱ ብዙ ሳይበላ ራጅ ላይም ላይታይ ይችላል። በኋላ የተበላው አጥንት ወደ ፊት ይደረመስና ጀርባ ላይ ሹል ጉብታ ይወጣል። መግሉ ወይም የተሰባበረው አጥንት ሕብለ ሰረሰሩን ከተጫነው እግሮች ይዝላሉ።

ልጅ ላይ በሽታውን ቀድሞ የሚያጋልጥ አንድ ምልክት አለ። መሬት ላይ የወደቀ ነገር አንሣ ሲሉት ጤነኛ ልጅ ወገቡን አጥፎ ያነሣል። አከርካሪው የታመመ ልጅ ወገቡን እንደ ሸንበቆ አቅንቶ፣ በአንድ እጁ ጉልበቱን ተመርኩዞ፣ ቁጢጥ ብሎ ያነሣል። ቀን ሲጫወት የዋለ ልጅ ሌሊት ጮሆ ሊነቃም ይችላል፤ እንቅልፉ ጡንቻውን ሲያላላው አጥንቱ ይነካበታልና። የልጅ ጀርባ ሕመም «ስትዘል ነው» ተብሎ አይታለፍም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን ቤት ለቤት ሲሄዱ ይህን አንድ ነገር ቢያዩ፣ ብዙ ጀርባ ሳይጎብጥ ይቀራል።

ይህ በሽታ በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ብቻ ይድናል። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው የሚሰጠው፤ ለአጥንት ነቀርሳ የሚወሰደው ጊዜም አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ነው። የዘገየው ምን እንደሚሆን ለማወቅ አሜሪካዊው ሐኪም ሪክ ሆድስ አዲስ አበባ ውስጥ ሲከታተላቸው የኖሩትን ታማሚዎች ማሰብ ይበቃል። አከርካሪያቸው የታጠፈ ልጆችና ወጣቶች፣ ከነሱም በነቀርሳ የተጎዱት ጥቂት ያልሆኑ፣ አክራ ድረስ ተጉዘው በቀዶ ሐኪሙ በኦሄኔባ ቦዋቺ-አጄይ ቡድን ታክመዋል። ወላጆቻቸው መጀመሪያ ወጌሻ ዘንድ፣ ጸበል ዘንድ፣ ጤና ጣቢያ ዘንድ የዞሩ ናቸው ብዬ ብገምት የምሳሳት አይመስለኝም። ወጌሻን የምጠላ ሰው አይደለሁም፤ የወለቀ ትከሻ ሲመልስ እጁ የተባረከ ወጌሻ አለ። ነገር ግን በነቀርሳ የተበላ አከርካሪን ወይም የአንገት አጥንትን በኃይል መጫንና ማዞር ሰውን ከወገብ በታች ሊያሽመደምድ ይችላል። ትኩሳት ያለው፣ የከሳ፣ እግሩ የዛለ፣ የወደቀ ሰው ለወጌሻ አይሰጥም።

ከነቀርሳው ቀጥሎ ብሩሴሎሲስ ይመጣል። ጥሬ ወተት የሚጠጣ፣ ላም ሲያዋልድ ባዶ እጁን የሚያስገባ ሰው እየመጣ የሚሄድ ትኩሳት፣ ላብና የወገብ ወይም የዳሌ ሕመም ካለው ይህ በሽታ መጠርጠር አለበት፤ ከነቀርሳ ጋር በቀላሉ ይምታታል። ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈ፣ ያለ ምክንያት የከሱ፣ ሌሊት የሚያማቸው ሰዎች ላይ የጡት፣ የፕሮስቴት ወይም የደም ካንሰር ወደ አጥንት ሄዶ ሊሆን ይችላል። አሮጊቶች ላይ ጀሪካን ብድግ ሲያደርጉ ብቻ አከርካሪው ሊሰበር ይችላል፤ ዴክሳሜታዞን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ላይም እንዲሁ።

ይህን አካባቢ የሚመለከት ሌላም ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1976 እና በ1977 በደንቢያና በፎገራ ብዙ ሰዎች እግራቸው ጠጥሮ ሽባ ሆኑ፤ ምክንያቱ ጓያ ነበር። ድርቅና ረሃብ ሲመጣ ጓያ ብቻ ለወራት ሲበላ፣ በተለይ ከባድ ሥራ የሚሠሩ ወጣቶችን ይመታል። ጅማሬው የእግር መሳብና መክበድ ነው። ከሕብለ ሰረሰር መጨቆን የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ መደንዘዝ አለመኖሩና ሽንት አለመነካቱ ነው። ስለዚህ ፎገራ ላይ እግሩ የጠጠረን ወጣት «ምን በልተህ ከረምክ?» ብሎ መጠየቅ የምርመራው አካል ነው።

ምስሉና መርፌው

ኤም አር አይ ብዙ ይጠቅማል፤ ነርቭ እየሞተ፣ ነቀርሳ ወይም ካንሰር ሲጠረጠር። ያለዚያ ግን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሞ የወጣ የጥናቶች ስብስብ ምንም የማያማቸው ሰዎች ምስል ምን እንደሚመስል አሳይቷል። ከ20 ዓመት ወጣቶች መካከል 37 በመቶው፣ ከ80 ዓመት አዛውንቶች ደግሞ 96 በመቶው ዲስካቸው ያረጀ ነበር። ዲስካቸው ያበጠው በ20 ዓመት 30 በመቶ፣ በ80 ዓመት 84 በመቶ ናቸው። የማያማቸው ናቸው እነዚህ! እንግዲህ ወገቡን የታመመ የ45 ዓመት ገበሬ ኤም አር አይ ቢነሣ «ዲስክ» የሚል ወረቀት ይዞ መውጣቱ የሚጠበቅ ነው፤ ያ ወረቀት ግን የሕመሙን ምክንያት አይነግርም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሰውየው ዲስኩ የተበላሸ ሰው ሆኖ ይኖራል። ማጭድ መያዝ ይፈራል፤ ማንሣት ያቆማል፤ ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ሕመሙ ይብሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ስለ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም የመጀመሪያ መመሪያውን አወጣ። የሚደግፈው ታማሚውን ማስረዳትን፣ የአካል እንቅስቃሴን፣ አንዳንድ የእጅ ሕክምናዎችንና እንደ አስፈላጊነቱ ፀረ ብግነት መድኃኒትን ነው። የወገብ ቀበቶንና አከርካሪ መጎተትን አልደገፈም፤ ሞርፊን መሰል መድኃኒቶችንም አልደገፈም። መቀነታቸውን አጥብቀው የሚያስሩ እናቶችን መከልከል አያስፈልግም፤ ግን መዳኛ ነው ብሎ ቀበቶ መሸጥ ትክክል አይደለም። ስለ ዲክሎፌናክ መርፌ ደግሞ ፊት ለፊት መናገር ያስፈልጋል። ባዶ ሆድ ላይ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ፣ ለሳምንታት የሚወሰድ ዲክሎፌናክ ጨጓራን ያደማል፣ «ኩላሊት ነው» የተባለውንም በእርግጥ የኩላሊት በሽተኛ ሊያደርገው ይችላል። ከመርፌው በፊት ደም ግፊትና የጨጓራ ታሪክ መጠየቅ አለበት።

ፊዚዮቴራፒ አገራችን ውስጥ በቂ ባለሙያ የለውም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሙያውን በዲግሪ ማስተማር ከጀመሩት ቀዳሚዎች አንዱ ነው፤ ደብረ ታቦርም ዩኒቨርሲቲና ሪፈራል ሆስፒታል አላት። ከዚያ የሚወጣው እውቀት እስከ ጤና ጣቢያ መውረድ አለበት። አንድ ነርስ ሦስት አራት እንቅስቃሴዎችን ለታማሚ በአካል ማሳየት ከቻለች፣ ከወረቀት ላይ ከሚጻፈው ማዘዣ የበለጠ ትረዳዋለች።

ገበሬን «ሥራ ተው» ማለት ግን ምክር አይደለም። ጥቅምትና ኅዳር ላይ አጨዳው አይጠብቀውም። «ሦስት ቀን ቀንስ፣ አትተኛ፣ ተመላለስ፣ ከዚያ ቀስ እያልህ ግባ» ማለት ይቻላል። ሥራውን ራሱን መለወጥ የሚቻልበት ቦታም አለ። 20 ሊትሩን በሁለት የ10 ሊትር ጀሪካን ከፍሎ በግራና በቀኝ መያዝ ወይም በአህያ መጫን። ምጣዱን ከጉልቻ አንሥቶ እስከ ወገብ በሚደርስ መደብ ላይ ማስቀመጥ። የሩዝ አረሙን ቆሞ በሚገፋ ማረሚያ መሥራት። ስለ ኩንታሉ ደግሞ ገበሬው ራሱ በየዓመቱ የሚያየው ነገር አለ፤ ማዳበሪያ የሚመጣለት 50 ኪሎ ከረጢት ውስጥ ነው፤ ያንኑ መሬት አርሶ ያመረተውን እህል ግን 100 ኪሎ አድርጎ ይሸጣል። የሚሸከመው ያው አንድ ትከሻ ነው። የእህል ነጋዴዎች፣ የሸማችና የገበሬ ማኅበራት፣ የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤትም ቢሆኑ እህሉን በ50 ኪሎ ከረጢት ለመስፋት አዲስ ፋብሪካ አያስፈልጋቸውም።